የላብራቶሪ አይጦች ሙከራው ሳይጀመር እንዳያልቁባችሁ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ዝርዝር መመሪያ

«ዶክተር፣ አይጦቹ እያለቁብኝ ነው። ገና ዶዝ እንኳ አልጀመርኩም!»

ይህን አቤቱታ ያልሰማ የአይጥ ቤት ሐኪም የለም። ተማሪው በአገር በቀል መድኃኒት ዕፅዋት ላይ ሊሠራ ፕሮፖዛሉን አጸድቋል፣ ብሩን ከፍሏል፣ አይጦቹን ከአዲስ አበባ ወይም ከቢሾፍቱ አስመጥቷል። ደሴ በደረሱ በሳምንቱ ግን ኬጁ (ማኖሪያቸው) መሳሳት ይጀምራል። ሰበቡ ሲፈለግ ብዙውን ጊዜ ከባድ በሽታ አይገኝም። የሚገኘው መንገዱ፣ የውሃ ጠርሙሱ፣ የሌሊቱ ብርድ ወይም የተመራማሪው ጥድፊያ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ከብት፣ በግና ግመል ሲያክም ቆይቶ ድንገት የላብራቶሪ እንስሳት ክፍል ቁልፍ ለተሰጠው ሐኪም ነው። እዚህ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመማት?» ብላችሁ የምትጠይቁት ገበሬ የለም። ታሪኩን የሚነግሯችሁ የኬጁ ካርድና ሚዛኑ ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱ ሳያልቅ እንስሳ አታዝዙ

ተመራማሪው የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ማጽደቂያ ሳይዝ ከመጣ ቡና ጋብዙትና መልሱት። ማጽደቂያውን ከያዘም ፕሮቶኮሉን ራሳችሁ አንብቡ። ከእሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ እነዚህን አጣሩ፦

- የእንስሳው ዓይነት፣ ጾታ፣ ዕድሜና ክብደት። «አይጥ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ማይስ (ትንሿ አይጥ) ይሁን ራት (ትልቋ አይጥ) ይለይ። ሁለቱን ማምታታት የዶዙንም የጾም ሰዓቱንም ስሌት ያበላሻል።
- ቁጥሩ ከየት መጣ? በየቡድኑ ስንት? መጠባበቂያ ካስፈለገ እሱም በማጽደቂያው ውስጥ ይካተት።
- መድኃኒቱ በምን መንገድ፣ በስንት ሚሊ ሊትር ይሰጣል? መርፌውን የሚይዘውስ ማን ነው? ሠልጥኗል?
- እንስሳው ሲሰቃይ ሙከራው የት ላይ ይቆማል? በምን ይገደላል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎች «እናየዋለን» ብለው ያልፉታል። አትቀበሉ። ቁጥር ያለው መልስ ጽፈው ይፈርሙ። ቆይቶ ስትጨቃጨቁ የምታወጡት ወረቀት ይኼው ነው።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን እንስሳው ከመምጣቱ ከአንድ ሳምንት በፊት አሰናዱ

ሙቀት

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ችግራቸው ለየቅል ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ የሚገድለው የሌሊት ብርድ ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ይብሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ሐሳባችሁ የቀትሩ ሙቀት ይሁን፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ።

ለማይስና ለራት ክፍሉ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱም ከ30 እስከ 70 በመቶ ይሁን። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መዝግቦ የሚይዝ ቴርሞሜትር ግዙ። በር ላይ አትስቀሉት፤ ከኬጆቹ እኩል ከፍታ ላይ አድርጉት። እንስሳ ሳይገባ ለሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት አንብቡ። ቀን 22 ዲግሪ የነበረ ክፍል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ 13 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ከአይጦቹ ሬሳ ሳይሆን ከቴርሞሜትሩ ብትሰሙ ይሻላል።

ለብርድ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ቴርሞስታት ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ ከመደርደሪያው ርቆ ይቀመጥ። ሁለተኛውና ርካሹ የጎጆ መሥሪያ ነው። ለእያንዳንዱ የማይስ ኬጅ ከ8 እስከ 10 ግራም የተቆራረጠ ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት ስጡ። መብራት ሲሄድ የሚያድናቸው ይኼ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የከሰል ምድጃ ክፍሉ ውስጥ አታስገቡ። «ትንሽ ፍም ብቻ» የሚል አይጠፋም። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ እንስሳውንም ተንከባካቢውንም ይገድላል። ዕጣንና ሽቶም ከክፍሉ ይራቁ።

ጉዝጓዝ

ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በነጻ ይገኛል። ችግሩ የምን እንጨት እንደሆነ አለማወቃችን ነው። የሀበሻ ጥድና ባሕር ዛፍ ዘይትና ሽታ አላቸው። እንዲህ ያሉ ሽታ ያላቸው እንጨቶች የጉበትን መድኃኒት አፍራሽ ኢንዛይሞች ይቀሰቅሳሉ። የዕፅዋት መድኃኒት እየፈተሻችሁ ጉዝጓዙ ራሱ ጉበቱ ላይ ከሠራ ውጤቱ የማን ነው? ኤምዲኤፍ (በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ) የሚቆርጥ ወይም ቫርኒሽ የሚቀባ ቤትም አይሆንም፤ ሙጫና ኬሚካል አለው።

ሽታ የሌለውን የእንጨት ፍቅፋቂ ለብቻው እንዲያጠራቅምላችሁ ከአንድ አናጢ ጋር ተስማሙ። ስታመጡት ብናኙን በወንፊት ለዩ፣ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን) ቀቅሉ፣ አድርቁ። እርጥብ ጉዝጓዝ ደሴ ላይ ከምንም በላይ ያቀዘቅዛል።

መኖ

ለሙከራው ሙሉ ጊዜ የሚበቃ ፔሌት (ተጨምቆ የተሠራ ደረቅ መኖ) ከአንድ ምርት ግዙ። የምርት ቀኑን እዩ፤ ከስድስት ወር ያለፈውን ተዉት። ከወለልና ከግድግዳ ራቅ ባለ ርብራብ ላይ አስቀምጡ። የሻገተ ሽታ ካለው ሙሉ ጆንያው ይወገድ፤ የሻጋታ መርዝ ታጥቦ አይሄድም። ፔሌት ሲያልቅ የዶሮ መኖ ገዝቶ መስጠት የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። መድኃኒት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል።

የውጭ አይጥና ድመት

የበሩን ሥር ቀዳዳ በቆርቆሮ ድፈኑ። የመስኮት ወንፊት አስገቡ። የዱር አይጥ ክፍሉ ውስጥ አንዴ ከገባ ቅማል፣ ትልና ሌፕቶስፓይራ (በሽንት የሚተላለፍ ባክቴሪያ) ይዞ ይመጣል። የውጭ አይጥ እንዲያባርር ድመት ማስገባትም ያው ጣጣ ነው፤ የድመት ሽታ ብቻውን የኬጁን እንስሳ ያስጨንቃል።

ብርሃን

12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ። ታይመር ግጠሙ። መስኮቱን ሸፍኑ፤ አለበለዚያ ጊዜውን የምትወስንላችሁ ፀሐይ ትሆናለች። ቀን መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ከጨለመ ሰዓቱን መዝግቡ።

ደረጃ 3፦ መንገዱን እንደ ቀዶ ሕክምና አቅዱ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ለአይጥ የሚከብደው በርዝመቱ ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ንጋት ላይ ያንቀጠቅጣል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ቁልቁል ሸዋሮቢት ስትወርዱ ሌላ አገር ነው፤ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ሙቀቱ የሚጋረፍ። ከሚሴና ሐርቡም ሙቅ ናቸው። ከኮምቦልቻ ደግሞ እንደገና ሽቅብ ወደ ብርድ። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ የሚያልፈው 25 ግራም የሚመዝን እንስሳ ነው።

1. ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ተነሱ። ዓላማው ከቀትር በፊት ሸዋሮቢትን ማለፍ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ይበርዳል፣ ግን ብርዱን በጉዝጓዝና በጎጆ ወረቀት ትቋቋሙታላችሁ። ሙቀቱን የምትቋቋሙበት ነገር የላችሁም። አይጥ በላብ ራሱን አያቀዘቅዝም።
2. ሣጥኑ በአራቱም ጎን ቀዳዳ ይኑረው። ጎን ለጎን ስትደረድሩ ቀዳዳዎቹ እንዳይዘጉ በመሃላቸው ሁለት ጣት ክፍተት በእንጨት ያዙ። ተራ ካርቶን አይሆንም፤ በልተውት ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ መኪናው ወንበር ሥር አይጥ ማደን ነው።
3. ውሃ በጠርሙስ አትላኩ። ጉድጓድ በመታችሁ ቁጥር ይንጠባጠባል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ ጣርማ በር ላይ የረጠበ አይጥ ደግሞ አይተርፍም። በምትኩ የታጠበ ድንች፣ ካሮት ወይም ኪያር ቆራርጣችሁ ከፔሌት ጋር ጨምሩ። ለአንድ ቀን ይበቃል።
4. ወንድና ሴት ለየብቻ። ከተለያየ ኬጅ የመጡ ያደጉ ወንዶችን አንድ ሣጥን ውስጥ አትክተቱ፤ ሲደርሱ ጅራታቸውና ታፋቸው ተነክሶ ታገኙታላችሁ።
5. ሣጥኑ ከሰው ጋር ውስጥ ይግባ። የሚኒባስ ጣሪያ፣ የዕቃ ሣጥን፣ ሞተሩ አጠገብ ያለው ወለል፣ ሁሉም ይገድላሉ። የመሥሪያ ቤት መኪና ለምኑ፤ ለዚህ ጉዳይ መለመን አያሳፍርም።
6. ለሾፌሩ አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ምሳ ከሚሴ ላይ ከሆነ መኪናው ጥላ ውስጥ፣ መስኮቱ ክፍት፣ አንድ ሰው እዚያው። ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ፀሐይ ላይ ተቆልፎ አይቆምም።

መንገድ ቢዘጋስ? ለሁለት ቀን የሚሆን መኖና አትክልት ትርፍ ያዙ። ማደር ካለባችሁ ሣጥኑን የምታሳድሩት መኪናው ውስጥ ሳይሆን አልጋ ክፍላችሁ ውስጥ ነው። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሳያይ ቢሆን ይመረጣል፤ አይጥ ይዤ ልደር ብላችሁ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዋ ሰዓት

ሣጥኑ ሲደርስ ሁሉም ሰው ሊያይ ይሰበሰባል። በትኗቸው። አንድ ሐኪም፣ አንድ ተንከባካቢ፣ አንድ መዝጋቢ ይበቃሉ።

1. ሣጥኑን ለይቶ ማቆያ ክፍል አስገቡ። ነባር እንስሳት ካሏችሁ ወደ እነሱ ክፍል በቀጥታ አይገባም።
2. ከመክፈታችሁ በፊት አድምጡ። የእግር ኮሽታ ጤና ነው። ጸጥታ ካለ ፈጠን በሉ።
3. የሞተ ካለ ቁጠሩ፣ ለዩ፣ በላስቲክ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። በረዶ ቤት አይደለም፤ በረዶ ሥጋውን ያበላሸውና ምርመራው ይከሽፋል። የአይጥ ሬሳ ቶሎ ስለሚበላሽ በዚያው ቀን ክፈቱት።
4. እያንዳንዱን መዝኑ። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጸጉር፣ ጅራት፣ ፊንጢጣ እዩ። ጸጉሩ ቆሞ፣ ኩርምት ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ይለይ።
5. ጾታውን ራሳችሁ አረጋግጡ። በብልቱና በፊንጢጣው መካከል ያለው ርቀት ወንዱ ላይ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። አጠራጣሪ ሲሆን ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛችሁ አነጻጽሩ። እዚህ ከተሳሳታችሁ ከ19 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ሙከራው መሃል ላይ ጫጩት ይቆያችኋል።
6. አምስት አምስት አድርጋችሁ ኬጅ ውስጥ አስገቡ። ካርድ ጻፉ፦ የመጡበት ቀን፣ ከየት፣ ጾታ፣ ቁጥር፣ ክብደት፣ የፕሮቶኮል ቁጥር፣ የተመራማሪው ስልክ።

ስትይዟቸው በጅራታቸው ጫፍ አታንጠልጥሉ፤ ቆዳው ተገፍፎ ሊቀር ይችላል። የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ቁራጭ ኬጁ ውስጥ አስቀምጡ። አይጡ ራሱ ይገባበታል፣ እናንተ ቱቦውን ታነሳላችሁ። ንክሻም ጭንቀትም ይቀንሳል።

የውሃ ጠርሙስ፦ በጣታችሁ ፈትኑ

በዚህች ነገር ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ አይጥ የሚሞተው በጥም ነው። ጠርሙሱን ሞልታችሁ ገልብጡ። የቧንቧውን ጫፍ በጣታችሁ ነካ ነካ አድርጉ። አንዲት ጠብታ ወጥታ መቆም አለባት። ካልወጣች ኳሷ ተጣብቃለች ወይም አየር ዘግቷል፤ አውልቃችሁ እጠቡ፣ እንደገና ሞክሩ። ሳትቆም ከተንጠባጠበች ክዳኑ ላልቷል፤ ኬጁን ታርሰዋለች።

አንድ ማይስ በቀን ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። አምስት ያሉበት ኬጅ ጠርሙስ በ24 ሰዓት ውስጥ ምንም ካልቀነሰ «ደህና ናቸው፣ ውሃ አላቸው» አትበሉ። ሙሉ ጠርሙስ የአደጋ ምልክት ነው። ጠርሙሱ ላይ በማርከር መስመር አስምሩና ጠዋት እዩት።

ደረጃ 5፦ ቢያንስ ለሰባት ቀን ማንም አይነካቸውም

ተመራማሪው ይለምናል። አማካሪው ይደውላል። የምረቃ ቀን ደርሷል ይባላል። አንሰማም ማለት ልመዱ። በመንገድ የተንገላታ እንስሳ ሆርሞኑ፣ የደም ስኳሩ፣ ክብደቱ ሁሉ ከቦታው ወጥቷል። ያኔ የተለካ ውጤት መንገዱን እንጂ መድኃኒቱን አያሳይም።

በእነዚህ ቀናት የሚሠራው ይህ ነው፦

ቀን 1 እና 2። ዕረፍት። ውሃና ሙቀት ብቻ ተከታተሉ። የጎጆ ወረቀቱን ጠዋት እዩ። ጎጆ ሠርተው ውስጡ ተጠቅልለው ከተኙ ጥሩ ነው። ወረቀቱ እንደተሰጣቸው ከቀረ ክፍሉ በጣም ሞቋል ወይም ታመዋል።

ቀን 3። ክብደት። በመንገድ የቀነሱትን መመለስ መጀመር አለባቸው። ካልጀመሩ መኖውንና ውሃውን ከልሱ።

ቀን 4 እና 5። የጥገኛ ምርመራ። ግልጽ ፕላስተር ጀርባና አንገት ላይ ለጥፋችሁ አንሱ፣ ስላይድ ላይ ለጥፉ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር የቅማልና የእከክ ነፍሳት እንቁላል ፈልጉ። ሌላ ፕላስተር ፊንጢጣ ላይ ለጥፋችሁ የትል እንቁላል እዩ። ኩሱንም መርምሩ። ጥገኛ ብታገኙ አይቨርመክቲን (የጥገኛ መድኃኒት) ከመስጠታችሁ በፊት ለተመራማሪው ንገሩ። እሱ የሚሠራው በትል መድኃኒት ላይ ከሆነ ሕክምናችሁ ሥራውን ያጠፋዋል። ያኔ እንስሳውን መቀየር ይሻላል።

ቀን 6 እና 7። እጅ ማለማመድ። መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ራሱ በየቀኑ ይያዛቸው፣ ይመዝናቸው፣ ይመልሳቸው። ያልለመደ እጅና ያልለመደ አይጥ በዶዝ ቀን ከተገናኙ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ምልክት ማድረጊያ፦ ለአጭር ጊዜ ጅራት ላይ በማርከር ይበቃል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ አድሱት። ፒክሪክ አሲድ (ጸጉር ቢጫ የሚያቀልም ኬሚካል) የምትጠቀሙ ከሆነ ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት እዩት። ውሃው ደርቆ ክሪስታል ከሠራ አትንኩት፣ ክዳኑንም አታዙሩ፤ ሊፈነዳ ይችላል። ለደኅንነት ኃላፊው አሳውቁ።

ደረጃ 6፦ የዕለቱ ዙር

ሁልጊዜ ከጤነኛው ወደ ታማሚው ሂዱ። መጀመሪያ ነባሮቹ፣ ከዚያ በሙከራ ላይ ያሉት፣ መጨረሻ ለይቶ ማቆያው። ወደ ኋላ መመለስ ካለ ጋውንና ጓንት ይቀየራል።

ስትገቡ በመጀመሪያ አሽትቱ። አሞኒያ አፍንጫችሁን ከቆነጠጠ ለአይጡ ከረፈደ ቆይቷል፤ እሱ የሚተነፍሰው ከጉዝጓዙ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ ቴርሞሜትር፣ ጠርሙስ፣ መኖ፣ መጨረሻ እንስሳው። በሳምንት አንድ ሁለቴ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በቀይ መብራት ግቡ። ማይስ የሌሊት እንስሳ ነው፤ ቀን የተኛው ጤነኛም በሽተኛም ሊሆን ይችላል፣ ማታ የተኛው ግን አሞታል።

ሕመሙ ፊቱ ላይ ይነበባል። ዓይኑ ይጠባል፣ አፍንጫውና ጉንጩ ያብጣል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጺሙ ይቀየራል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። የጤነኛውን ፊት በስልክ አንስታችሁ ያዙና አስተያዩ።

ደረጃ 7፦ በአፍ መድኃኒት መስጠት

ሰው ሁሉ የሚፈራው እዚህ ነው፤ ሲፈራም ይሳሳታል።

ጾም። ማይስን ሌሊቱን ሙሉ አታስጹሙ። «ኦቨርናይት» የሚለው የትልቋ አይጥ፣ የራት፣ ነው። ለማይስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት የሚቆይ ጾም ይበቃል። በደሴ ብርድ ባዶ ሆዱን ያደረ ማይስ ጠዋት ቀዝቅዞ ይገኝና መድኃኒቱ ገደለው ተብሎ ይጻፋል። ውሃ በጾም ጊዜም አይነሳም።

ስሌት። የዛሬን ክብደት ተጠቀሙ፣ ያለፈውን ሳምንት አይደለም። ማይሱ 25 ግራም ቢሆንና ዶዙ 200 ሚሊ ግራም በኪሎ ቢሆን የሚያስፈልገው 5 ሚሊ ግራም ነው። መጠኑ 10 ሚሊ ሊትር በኪሎ ከሆነ 0.25 ሚሊ ሊትር ትሰጣላችሁ። ስለዚህ ፈሳሹ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይያዝ። 28 ግራም ለሚመዝነው 0.28 ይሆናል። ሁለት ሰው ለየብቻ ያስላ፣ ከዚያ ይተያዩ። በግራምና በኪሎ መካከል የጠፋች አንዲት ዜሮ ስንቱን አስለቅሳለች።

አሰጣጥ።

1. ጫፏ ድቡልቡል የሆነች የጋቬጅ መርፌ (መድኃኒቱን በአፍ በኩል ጨጓራ የምታደርስ) ያዙ፤ ለማይስ ውፍረቷ ከ18 እስከ 20 ጌጅ።
2. መርፌዋን ከአፉ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንት ለኩ። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ።
3. የማጅራቱን ቆዳ ያዙ፣ ጭንቅላቱ እንዳይዞር። ሲተነፍስ ደረቱ መንቀሳቀሱን እዩ። ካልተነፈሰ አጥብቃችኋል።
4. ራሱን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጋችሁ ከአንገቱ ጋር ቀጥ አድርጉ። መርፌዋን በአፉ ጎን አስገቡ።
5. በራሷ ክብደት ትውረድ። አትግፉ። ከተደናቀፈች አውጡና እንደገና ጀምሩ።
6. ምልክቱ ላይ ስትደርስ ቀስ ብላችሁ ስጡ። በገባችበት መንገድ አውጡ።
7. ኬጁ ውስጥ መልሱትና ለአምስት ደቂቃ ተመልከቱ። ከዚያም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አንዴ፣ በቀኑም ደጋግማችሁ።

ሲበላሽ። ፈሳሽ በአፍንጫው ከወጣ፣ ካሳለው፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ሳንባ ገብቷል። ወዲያው አቁሙ። ጭንቅላቱን ዘቅዝቃችሁ አፍንጫውን ጥረጉ። ትንፋሹ እየከፋ ከሄደ ያለ ስቃይ ግደሉት። መዝገቡ ላይ «የአሰጣጥ ስህተት» ብላችሁ ጻፉ፤ በመድኃኒቱ ሞት ውስጥ አይቆጠርም። ከሞተ በኋላ ሁሌ ደረቱን ክፈቱ። ሳንባው ውስጥ የዕፁን ቀለም ካገኛችሁ መልሱ ያ ነው።

የዕፅ ጭማቂ ይዘቅጣል። በእያንዳንዱ አይጥ መካከል ብልቃጡን ነቅንቁ። አለበለዚያ የመጀመሪያው ውሃ፣ የመጨረሻው ዝቃጭ ይጠጣል።

ደረጃ 8፦ ደም፣ ማደንዘዣ፣ ጥንቸልና ጊኒ ፒግ

25 ግራም ማይስ ጠቅላላ ደሙ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ ከአሥር እጅ አንዱን፣ ማለትም 0.2 ሚሊ ሊትር ውሰዱ፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ይረፍ። ተመራማሪው ተጨማሪ ከፈለገ ጥያቄው የሚመለሰው ለኮሚቴው ነው። ያደነዘዛችሁትን ሁሉ አሙቁ፣ ዓይኑ ላይ ቅባት አድርጉ፣ ነቅቶ እስኪሄድ ከአጠገቡ አትራቁ። ኬታሚን (ማደንዘዣ) እና ፔንቶባርቢታል (ያለ ስቃይ መግደያ) ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በመዝገብ።

ጥንቸልን በጆሮው አታንሱ፤ የኋላ እግሩን ሳትደግፉ ካነሳችሁት ሲወራጭ የገዛ ወገቡን ይሰብራል። ምግብ ትቶ ኩስ ካቋረጠ በዚያው ቀን አክሙ። ጊኒ ፒግ ቫይታሚን ሲን ራሱ አይሠራም፤ በየቀኑ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ያህል ይፈልጋል፣ ከታመመ ከዚያ በላይ። በግ ላይ የለመዳችሁትን ፔኒሲሊን ለጊኒ ፒግ አትውጉ፣ ለጥንቸልም በአፍ አትስጡ። የአንጀቱን ጤነኛ ባክቴሪያ ጨርሶ ይገድለዋል።

ደረጃ 9፦ የማቆሚያው መስመር

ከመነሻው ክብደት 20 በመቶ የቀነሰ፣ መነሳት ያቃተው፣ ሲነካ የቀዘቀዘ፣ መተንፈስ የከበደው እንስሳ ሙከራው እዚያው ያበቃለታል። «ነገ እናየው» የለም። 30 ግራም የነበረው 24 ከሆነ በቃ። ከሚጠበቀው ቀን በፊት ማቆም መረጃ አያጠፋም፤ የቆመበት ቀንና ምክንያቱ ራሱ መረጃ ነው። ሌሊት በራሱ የሞተና በኬጅ ጓደኞቹ የተበላ አይጥ ግን ለማንም አይጠቅምም።

ሬሳው በሁለት ላስቲክ ታስሮ ማቃጠያ ይገባል። ቦርከና ወንዝ፣ ገደል ወይም የቆሻሻ ገንዳ አይጣልም። በፔንቶባርቢታል የተገደለ እንስሳ የበላ ውሻና ጅብም ይሞታል።

ነገር ሲበላሽ

ሁለት ሦስት በአንድ ሌሊት ሞቱ። መጀመሪያ ዝቅተኛውን ሙቀት አንብቡ። ከዚያ የዚያን ኬጅ ጠርሙስ በጣታችሁ ፈትኑ። ከዚያ መኖውን አሽትቱ። እነዚህን ሳታዩ አንቲባዮቲክ አትጀምሩ። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ሬሳውን ክፈቱ፣ ናሙና ያዙ፣ ክፍሉን ዝጉ፤ አዲስ እንስሳ አይገባም፣ የሚወጣም የለም።

መብራት ሄደ። ደሴ ከሆናችሁ ማሞቂያው ሲቆም በሩን ዝጉ፣ የጎጆ ወረቀት ጨምሩ፣ ኬጆቹን ከመስኮትና ከግድግዳ አርቁ። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ኬጁን ከውጭ አስደግፉ፤ በአንድ ጎን ብቻ፣ የሞቀው እንዲሸሽ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁና ክፍሉ 30 ዲግሪ ካለፈ በተቃራኒው ክፈቱ፣ ኬጆቹን አራርቁ፣ ወለሉን አርጥቡ። ጀነሬተሩን ከክፍሉ ግድግዳ ጋር አታስጠጉት፤ ድምፁም ጭሱም ወደ ውስጥ ይገባል።

ተነከሳችሁ። አይጡን አትወርውሩ። ወደ ኬጁ መልሱ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ስለ ቴታነስ ክትባት ጠይቁ። አይጡ ምን ተሰጥቶት እንደነበር ተናገሩ።

ተንከባካቢው ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ ይቀላል። «ብርድ ነው» ብሎ አይለፈው። ለአይጥ ሽንትና ጸጉር አለርጂ ይሆናል፤ ካልተያዘ ወደ አስም ይሄዳል። ጭንብል ይታደለው፣ ደረቅ መጥረግ ይቅር፣ ጉዝጓዝ የሚቀይረው ሌላ ሰው ይሁን።

በዓል መጣ። አይጥ በዓል አያውቅም፣ ሁልጊዜም ውሃ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ወሎ መሥራታችሁ ይጠቅማችኋል። ተራውን ስታወጡ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሙስሊሞቹን፣ ለኢድና ለመውሊድ ክርስቲያኖቹን መድቡ። ዓርብ ቀትርንና እሁድ ጠዋትንም እንዲሁ ተለዋወጡ። ተራውን በቃል አትተዉት፤ ስምና ስልክ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ፣ የመጠባበቂያ ሰውም ከሥሩ። የክፍሉ ትርፍ ቁልፍ ጥበቃ ዘንድ ይቀመጥ። ተራ የገባው ሰው ገብቶ እንደወጣ የሚያረጋግጠው ፊርማ አይበቃም፤ የቴርሞሜትሩን ቁጥርና የእያንዳንዱን ጠርሙስ መስመር ይጻፍ።